ማሰሪያው ሳይደርሰኝ

ስልኬ የተዘጋው ታላቅ እህቴ «ካንሰር» ብላ ቀጣዩን ቃል ልትናገር ስትል ነው። ቀጣዩ ቃል «ነው» ይሁን «አይደለም» አልሰማሁም። ቋንቋችን ምን ነክቶት እንዲህ እንደሆነ እንጃ፤ ሰው ተናግሮ ተናግሮ ፍርዱን የሚያወጣው መጨረሻ ላይ ነው። እህቴ ይህን የመጨረሻ ቃል «ማሰሪያ አንቀጽ» ትለዋለች፤ የአማርኛ አስተማሪ ናት። ያለ ማሰሪያ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ካየች ቀይ እስክሪብቶዋን መዝዛ ነው የምትነሳው።

እታለም ነው የምላት። እናታችን በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ፀጉሬን ጎንጉናለች፤ ትምህርት አልሆን ሲለኝም እጄን ይዛ ስፌት ቤት አስገብታኛለች። ሌላ ሰው የለኝም። ባል ነበረኝ፤ እሱን ተዉት። ብብቷ ሥር እብጠት ካገኘች ወዲህ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ፤ እሷማ ቁጭ ብላ የተማሪ ፈተና ታርማለች። ከእብጠቱ ተቆርሶ ተመርምሮ ውጤቱ ዛሬ ሊነገራት ነበር። «አብሬሽ ልሂድ» ብላት «ሥራሽን ሥሪ፣ እደውልልሻለሁ» አለችኝ። ታላቅ ናት፤ ምን እላታለሁ?

ደወለች። የሰፋሁትን እጅጌ ጣልኩና ወደ መስኮቱ ሮጥኩ።

«እንዴት ዋልሽ? ሥራ እንዴት ይዞሻል?» አለች።

«እታለም፣ ውጤቱ!»

«ቆይ፣ እየነገርኩሽ እኮ ነው። ስደርስ ወረፋው ጉድ ነበር። አንድ ሽማግሌ ግን፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ተራቸውን ለቀቁልኝ። ከዚያ ዶክተሩ አስገባኝ። ልጅ እግር ነው፤ ያስተማርኩት ሁሉ መስሎኝ…»

ስልኬ ጆሮዬ ላይ ጢጥ አለ። ባትሪው ሊያልቅ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ተሰክቶ የዋለ ስልክ!

«እታለም፣ በእናታችን፣ ስልኬ ሊዘጋ ነው! አሳጥሪው!»

«አታቋርጪኝ። ወረቀቱን ዘረጋና ምን አለኝ፣ ‹አስተማሪ› አለኝ፣ ‹ከብብትዎ ሥር ያለው እብጠት፣ በደንብ ከተመረመረ በኋላ፣ ካንሰር…›»

ጭልም አለ።

«ካንሰር ምን?» ብዬ ጮህኩ። ለጠፋ ስልክ። የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ቀጥ አሉ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እንግዲህ ስለ ስልኬ ልንገራችሁ፤ ቆሽቴን የሚያሳርረኝም እሱ ነው። አሮጌ ነው፤ የቻርጀሩ አፍም የድሮው ነው፣ ያ አንዱ ጎኑ ሰፋ አንዱ ጎኑ ጠበብ የሚለው። አፉ ስለላላ ገመዱን በላስቲክ አስሬ፣ ከሥሩ የክር ጥቅል አስደግፌ፣ ትንፋሼን ውጬ ነው የምሰካው። አንድ ሰው በአጠገቡ ካለፈ ይለቃል። «አዲስ ግዢ» ሲሉኝ «የሚሠራ ዕቃ አይጣልም» እላለሁ። ይኸው፣ ሠራልኝ!

ግድግዳው ሥር ወዳለው ዲቫይደር ሄድኩ። የሁላችን ስልክ እዚያ ነው የሚሰካው፤ ገመዱ እርስ በርሱ ተጠላልፎ የተፈታ ሹራብ ይመስላል። የኔን ገመድ መዝዤ ልሰካ ስል አልገባም። ገለበጥኩት፤ አልገባም። ያ የድሮ ራስ አንድ ፊት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ስትቸኩሉለት ደግሞ ሁሌም ተገልብጦ ነው የሚጠብቃችሁ። «ግባ እንጂ አንተ የተረገምክ!» ብዬ በኃይል ገፋሁት። ቀጭ አለ። ሳወጣው የብረቱ ከንፈር ተተርትሮ ወደ ውጭ ተገልብጧል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔስ የምለቅመውም የለኝ።

«ገመድ! የድሮውን ገመድ ማን ይዟል?» አልኩ።

ማንም አልያዘም። ሁሉም ታይፕ ሲ። የማሽኖቻችን መካኒክ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ገመዴን ተቀብሎ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ እኮ ብዬሻለሁ። የዚህ ራስ ጥርሱ ገመዱ ላይ ነው፤ ሲያልቅ ገመዱ ይለቅ፣ ስልኩ ይትረፍ ተብሎ ነው የተሠራው። ነገር ግን ስልኩ ውስጥ ያለችው ምላስ ቀጭን ናት፤ ስትነቃነቅ ከሥሯ ትላቀቃለች። ታይፕ ሲን እይው፤ ምላሱ ደንደን ያለ ነው፤ በዚህም አስገቢው በዚያም፣ አይመርጥም፤ ጨለማ ውስጥ እንኳ…»

«የኔው ይበልጣል» አለች ቁልፍ ሰፊያችን ከወዲያ። ስጦታ የተሰጣት ውድ ስልክ አላት፤ ራሱም ለብቻው ነው። «የኔ ምላሱ ገመዱ ጫፍ ላይ ነው። ቢሰበር ገመዱ ይሰበራል፤ ስልኬ ምን ገዶት!»

«የገመድሽ አንገት ተልጦ በክር ጠቅልለሽው የለም እንዴ?»

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ክር እንደሆነ ሞልቶናል!»

ሳቁ። እኔ ደሜ ፈላ።

«እህቴ እየሞተችብኝ ነው፣ እናንተ ስለ ገመድ ራስ ታወራላችሁ! የኔ ራስ ነው እየዞረ ያለው!»

ያን ጊዜ ነገሩን ነገርኳቸው። ቁልፍ ሰፊያችን ደረቷን ይዛ ተነሳች።

«‹አይደለም› ነው ያለችሽ፤ እርግጠኛ ነኝ» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«እንዲያው ልቤ ነገረኝ።»

ልቧን ልበላው ወይ? ጋሼ፣ ጨርቅ ቆራጫችን፣ መቀሳቸውን አስቀመጡና «ድምፅዋ እንዴት ነበር?» አሉ። ድምፅዋማ ያው የአስተማሪ ነው፤ ‹ነገ ፈተና አለ› ስትልም ‹ነገ በዓል ነው› ስትልም አንድ ነው።

«በኔ ስልክ ደውዪላት» አሉ ጋሼ።

ቁጥሯን በቃሌ አላውቀውም! የእናቴን ልጅ ቁጥር! የመጀመሪያዎቹን አውቃለሁ፣ መጨረሻው ላይ ይጠፋብኛል። ስልኩ ላይ «እታለም» የሚለውን ስነካ ነው የኖርኩት። ተነስቼ እንዳልሄድ፣ የትኛው ላቦራቶሪ እንደሆነ አልነገረችኝም፤ ከተማው ደግሞ በላቦራቶሪ ተሞልቷል። ወረፋውን፣ ሽማግሌውን፣ የዶክተሩን ዕድሜ ሁሉ ነግራኝ ቦታውን አልነገረችኝም።

«ሲሙን አውጥተሽ ጋሼ ስልክ ውስጥ አስገቢው፤ መልሳ ትደውላለች» አለ መካኒኩ። እውነቱን ነው አልኩና አወጣሁ። የኔ ሲም የድሮው፣ ትልቁ ነው። የጋሼ ስልክ የሚቀበለው የጥፍር ያህሉን። እዚህ ላይ ነው ጋሼ መቀሳቸውን ያነሱት።

ጋሼን የመሰለ ቆራጭ በአገር የለም። ጨርቅ ሲቆርጡ በኖራ እንኳ አያሰምሩም፤ ዓይናቸው ሜትር ነው። ሲሙን ብርሃን ላይ ያዙት፣ ለኩት፣ መቀሱን ሁለት ጊዜ በአየር ላይ አንቀጫቀጩና ቆረጡት። ቀጥ ያለ፣ ያማረ አቆራረጥ። በስፒል የስልካቸውን መሳቢያ ከፍተው ቢያስገቡት አልገባ አለ። በአራቱም ጎን ተርፏል።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣» አለ፣ «ለስፌት የሚሆን ትርፍ ትተውለታል እኮ!»

እውነት ነው። ዕድሜ ልኩን ትርፍ ሲተው የኖረ እጅ፣ ለሲምም ተወለት። ሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር። ጋሼ አፈሩ፤ በእፍረት እጃቸው ተጣደፈ፤ ትርፉን ሊያነሱ ድጋሚ ሲቆርጡ ወርቃማዋን ነገር ከጥጓ ሸረፏት። አስገባነው። ስልኩ «ሲም የለም» አለ። ጋሼ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ልጄ፣ ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም አላደረጉኝም፣ ጋሼ» አልኩ። ውስጤ ግን ያርራል። አሁን እታለም ብትደውልም አታገኘኝም። የቀረኝ ያንን አሮጌ ስልክ አስነስቶ ቁጥሯን ማንበብ ብቻ ነው።

አለቃችን «ወዴት?» ሲለኝ አልመለስኩለትም። ሽርጤን እንደለበስኩ፣ ደረቴ ላይ መርፌና ስፒል እንደተሰካ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ማዕዘኑ ላይ የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ልጅ እግር አለ፤ ሱቁ በገመድ ተሸፍኗል፣ እንደ መጋረጃ ገልጣችሁት ነው የምትገቡት።

«የድሮውን ራስ ስጠኝ፣ ቶሎ!»

«የድሮው? እሱ እኮ ቀርቷል። ታይፕ ሲ ልስጥሽ፤ ለሁሉም ይሆናል።»

«ለኔ አይሆንማ! ለሁሉም ከሆነ እኔ ማነኝ?»

«አትቆጪ እንጂ። ቆይ፣ ባለሦስት ራስ አለኝ» ብሎ ከካርቶን ሥር አንድ ገመድ ጎተተ። ሦስት ራስ አለው፤ ለሁሉም የስልክ ዓይነት። አየሁት። ታይፕ ሲው ደህና፣ የውዱ ስልክ ደህና፣ የድሮው ከአንገቱ ተቀንጥሷል። እኔን ለማብሸቅ ካልሆነ ለምን እሱ ብቻ? ገመዱን ካርቶኑ ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ከኋላዬ «ምን አደረግኩሽ?» ሲል ይሰማኛል። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው።

መንገዱ ላይ ቆምኩ። መኪና ይሄዳል፣ ሰው ይሄዳል፣ ሁሉም ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። «ነው»፣ «አይደለም»። «ነው»፣ «አይደለም»። እግሬ በተነሳ ቁጥር አንዱ ይመጣል። «አይደለም» ሲመጣ እፈጥናለሁ፣ «ነው» ሲመጣ እደናቀፋለሁ። ‹ካንሰር› ስትል ትንሽ ቆም ብላለች? ቆማለች መሰለኝ። ግን እሷ ነጠላ ሰረዝ ላይም ትቆማለች።

እንዲህ ሳብድ ነው በአንድ ፀጉር ቤት መስኮት ያየሁት። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ወፍራም ሰውዬ አስቀምጦ በማሽን እየላጨ ነው። ማሽኑ ገመድ አለው። ገመዱ ማሽኑ ላይ የሚገባበት ጫፍ፣ ያ አንዱ ጎን ሰፊ አንዱ ጎን ጠባብ! ሰው ጣለው፣ ስልክ ጣለው፤ ለካ ፀጉር ማሽን ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል።

ገባሁና ከማሽኑ ላይ ነቀልኩት። ማሽኑ ድዝዝ ማለቱን አቆመ። ሰውዬው ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ እንደ ጎፈረ ቀረ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ምን ነካሽ ሴትዮ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እህቴ ካንሰር…» አልኩ። አልጨረስኩትም።

ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። ወፍራሙ ሰውዬ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ «ካንሰር ምን?» አለ።

«እሱን እኮ ነው የማላውቀው!» ብዬ አለቀስኩ። መንገድ ለመንገድ ስሮጥ ያልመጣ እንባ፣ ለማላውቀው ግማሽ ራስ ሰው ወረደ። እያነባሁ ስልኩ ተዘጋብኝ፣ ሲሙ ተቆረጠብኝ፣ ቁጥሯ እዚህ ውስጥ ነው አልኳቸው። ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አስቀምጦ ወንበር ሳበልኝ። አልተቀመጥኩም።

በዚህ ጊዜ ገመዱን አልገፋሁትም። ሰፊውን ጎን ከሰፊው አስተካክዬ ቀስ ብዬ አስገባሁ። ገባ። ስልኩ ግን ዝም። ነቀነቅኩት፤ ዝም። አፉን ወደ ብርሃን አዙሬ ባይ ታጭቋል፤ የስፌት ቤት ብናኝ፣ ስንት ዘመን በኪሴ የተጠራቀመ፣ ተጠቅጥቆ ጥጥ ሆኗል። ለካ ጠዋትም የላላው አፉ ብቻ አልነበረም፤ ገመዱ እስከ ጥጉ አይገባም ኖሯል። ከደረቴ ላይ መርፌ ነቅዬ ቀስ እያልኩ ጎረጎርኩት። ሰማያዊ የዩኒፎርም ክር ወጣ፣ ነጭ የሆስፒታል ጨርቅ ክር ወጣ። ያቺን ቀጭን ምላስ እንዳልነካት ትንፋሼን ያዝኩ። መልሼ ሰካሁት።

ስልኩ በራ። ባዶ የባትሪ ሥዕል አሳየኝ።

«በራ!» አለ ሰውዬው፣ የራሱ ልጅ ፈተና ያለፈ ይመስል።

በራ እንጂ አልተነሳም። አሮጌ ስልክ ነው፤ ሞልቶ ሞልቶ እስኪነቃ መታገስ ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል አልነበርኩም። ከበር እስከ መስታወት፣ ከመስታወት እስከ በር። ፀጉር አስተካካዩ የሚላጭበት የለውም፣ ሰውዬው የሚሄድበት ራስ የለውም፤ ሦስታችንም አንድ ስልክ ላይ አፍጥጠን ቆምን። ሲነሳ ዘፈኑን ዘፈነ። «ሲም ያስገቡ» አለኝ። አልሰማሁትም። እታለምን ፈለግኩ፤ ቁጥሯን ጮክ ብዬ ሳነብ ሰውዬው በራሱ ስልክ ደወለና ሰጠኝ።

ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳችው።

«ሀሎ?»

«እታለም፣ እኔ ነኝ!»

መኪና ሲያልፍ ይሰማል፤ ውጭ ናት።

«ምነው ዘጋሽብኝ?» አለች። ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«አልዘጋሁብሽም! ስልኬ ነው የተዘጋው። ‹ካንሰር› ካልሽ በኋላ አልሰማሁም። ምን ነበር ያልሽው?»

«አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም፣ ስልሽ!»

«እኔ እኮ ጨርሼ ነው የተናገርኩት» አለች። «ተናግሬው፣ አንቺ ምን እንደምትይኝ ስጠብቅ፣ ድምፅ የለም። እያለቀስሽ መስሎኝ አይዞሽ አልኩሽ። ብዙ ነገር አልኩሽ። ኋላ ሳየው ተዘግቷል። መልሼ ብደውል አይጠራም።»

«እንግዲያው ድገሚልኝ።»

እታለም ያልገባው ተማሪ ካለ አሥር ጊዜ የምትደግም ሴት ናት። አልሰማሁም ላላት ልጅ ተቆጥታ አታውቅም። አሁን ግን አልደገመችም። ትንፋሿን እሰማለሁ።

«አንዴ ከአፌ አውጥቼዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሁለተኛ አታስወጪኝ፣ የኔ ልጅ።»

የኔ ልጅ ብላኝ አታውቅም። ‹አንቺ ልጅ› ነው የምትለኝ። «አይደለም» ቢሆን ኖሮ ደግሞ እንኳን ለኔ፣ ለወረፋው ሰው፣ ለዘበኛው፣ ለመንገደኛው ሁሉ ትነግር ነበር፤ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ሽማግሌውንም ሳትረሳ።

«የት ነሽ?» አልኳት።

«ላቦራቶሪው በር ላይ። ከድሮው ትምህርት ቤትሽ ጀርባ ያለው። ትደውያለሽ ብዬ ቆሜ ነው።»

«አትንቀሳቀሺ። መጣሁ።»

«ሥራሽስ?»

«መጣሁ አልኩሽ!»

ስልኩን ለባለቤቱ መለስኩ። የኔው ስልክ ማሽኑ አጠገብ እንደተሰካ ነው፤ ፀጉር አስተካካዩ «ገና አልሞላም፣ ይዘሽው ትሄጃለሽ?» አለ። ምን ያደርግልኛል? ሰውዬው ፎጣው ትከሻው ላይ እንዳለ ተነስቶ ቆመ። ሊጠይቀኝ ፈርቷል፤ ሳይጠይቀኝ ደግሞ አልሆነለትም።

«እና፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «እህትሽ ምን አለችሽ?»

ከዛሬ ጀምሮ ይህን የሚጠይቅ ብዙ ነው። ዘመድ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ትምህርት ቤቱ አለ። እሷ ግን ሁለተኛ ከአፏ አታወጣውም፤ እኔ እያለሁ።

«ነው» አልኩት፤ ወጣሁ።